አምስተኛው ጥቅል

የቃል አስታዋሽ ነበርኩ፤ ሥራዬ መደበቅ፣
ከሶፋ ጀርባ ተኝቶ ሰው ሲረሳ መጠበቅ።
ከማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል፣
መብራቱ ሲለበልብ፣ ካሜራው ሲንከባለል፣
ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት፣ ቀጥታ ሥርጭት፤
መድገም የለ፣ መቁረጥ የለ፣ ከወጣ ወጣ ስህተት።

ዘርፈሽዋል ግን ረስታ አታውቅም።
አንድም ቀን ከእኔ አፍ ቃል አልለቀመችም።
ሲያልቅ ጎንበስ ትላለች፣ ጫማዋን እያወለቀች፣
«ዛሬም ሥራ ፈታህ፣ መርዕድ» ትለኛለች፣ እየሳቀች።

ቀድሞ የስልክ ቤት ልጅ ነበረች፤ ገመድ ሰኪ፣ ገመድ ነቃይ፣
«ይጠብቁ ጌታዬ፣ ድሬዳዋ እየጠራ ነው» ባይ።
አንድ አዘጋጅ ድምፅዋን ሰምቶ ጉዳዩን ረሳ አሉ፤
ከወዲያ የድሬ ሰዎች «ሃሎ! ሃሎ!» ሲሉ።

አባቷ ግን «አዝማሪ ወለድኩ» ብለው፣ ጋቢ አዘቅዝቀው፣
ሦስት ቀን ደጅ ተቀመጡ፣ ለቅሶ ደራሽ ጠብቀው።
ማን ይምጣ? ሰፈርተኛው ሁሉ ከባለ ቴሌቪዥኑ መስኮት
አንገቱን አስግጎ፣ እሳቸውን ትቶ፣ እሷን ሲመለከት።

ከዚያ ፊልሙ መጣ፤ አምስት ጥቅል፣ ጥቁርና ነጭ፤
እኔ ጃንጥላ ያዥ፣ ሻይ አቅራቢ፣ ሯጭ።
የፒያሳው ሠዓሊ፣ ሰሌዳው ጠብቦት፣ ስሟን አሳጠረ፣
«ዘርፈሽ» ብሎ አቆመ፤ «ዋል» ከቀለሙ ቆርቆሮ ቀረ።
የሰይቼንቶ ነጂዎች፣ ጡሩምባ እየነፉ፣
«ምን ዘርፈሽ ነው?» ይሏታል፣ በቸርችል ቁልቁል ሲያልፉ።
«ቆዩ፣ ገና አልቆጠርኩትም» ትላለች።
ባለ ፊልሙ ደመወዟን «ነገ ነይ» እያለ ዛሬ ደረሰ።

በአምስተኛው ጥቅል ላይ ለገሃር ደጃፍ ትሞታለች፤
በጥር ፀሐይ፣ በእሳት አደጋ ቱቦ ዝናብ፣ ርሳ ትወድቃለች።
አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀች፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተነሣች፤
በአሥራ ሁለተኛው ቆየች። ሮጥን።
«ተዉኝ፣ መሬቱ ሞቋል» አለች።

ዘመን ተገለበጠ። በተቀዱት ጥቂት ድራማዎቿ ላይ
የማዳበሪያ አጠቃቀም ተቀዳ፤ ማሳ፣ አካፋ፣ ፀሐይ።
እሷ ወደ ስልክ ቤት ተመለሰች፤ ሰው ቁጥር ሊጠይቃት
ደውሎ፣ ድምፅዋን ለይቶ፣ ዝም ይላል፣ እስክትዘጋበት።

አምስተኛውን ጥቅል ግን፣ አራት ኪሎ፣ ከአንድ ምድር ቤት፣
ልጆች አግኝተው ቆራረጡት፤ የግርዶሽ ለት ፀሐይ አዩበት።
ሞቷን ዓይናቸው ላይ ደቅነው፣ አፋቸውን ከፍተው ሽቅብ፣
ፀሐይ ስትገመጥ ነው ያዩት፤ አላዩም ያንን ዝናብ።

ባለፈው ወር አራቱን ጥቅል አሳዩ፤ ሲኒማው ታድሶ ነው አሉ።
ሁለታችንም ሄድን፤ ወጣቶች ሞልተዋል፣ ስልካቸውን ያበራሉ።
አራተኛው አለቀ። ጨርቁ ነጭ ሆነ። መብራት መጣ።
ሰው ጭብጨባና ጥያቄ እያደባለቀ ወጣ።

ወደ ጆሮዬ ተጠጋች፤
«መርዕድ፣ ስወድቅ የምለው ምን ነበር? ጠፋኝ» አለች።

ሃምሳ ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤
ሰባት ቃል፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር።
«እኔም ረሳሁት» አልኳት።
«እንግዲያ ዛሬም ሥራ ፈታህ» ብላ ሻሿን አስተካከለች።

ውጭ ያካፋል። ረዳቱ የሚኒባሱን በር እየመታ፣
«ለገሃር! አንድ ሰው! ለገሃር! አንድ ሰው!» ይጣራል ያለ ፋታ።
ክንዷን ያዝኩና
«በእግራችን እንሂድ» አልኳት።